ዮሪስ ኢቨንስ፦ ወገን የያዘ ካሜራ

የአንድ ዓለም አቀፍ የዘጋቢ ፊልም ፌስቲቫል ፕሮግራም እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ ግራ መጋባቱ አይቀርም። በአንዱ አዳራሽ የጦር ሜዳ ፊልም ይታያል። እዚያው ጎን ስለ ዝናብ የተሠራ፣ አንድም ቃል ሳይነገርበት የሚያልቅ የአሥራ ሁለት ደቂቃ ሥራ አለ። በሌላው ደግሞ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች አድማ፣ የአንድ ገበሬ ቤተሰብ ኑሮ፣ የወንዝ፣ የነፋስ ታሪክ ሳይቀር ይቀርባል። አንዱ ፊልም ላይ ተራኪ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይናገራል፤ ሌላው ባለጉዳዮቹን ራሳቸውን ያናግራል፤ ሌላው ከነጭራሹ ዝም ይላል። ሁሉም ግን ዘጋቢ ፊልም ይባላሉ። ለመሆኑ እነዚህን ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ያሰባሰባቸው ምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ በትርጓሜ ለመመለስ መሞከር አድካሚ ነው። እኔ ሌላ መንገድ መርጫለሁ። ከላይ የዘረዘርኳቸውን ዓይነት ፊልሞች በሙሉ በአንድ ዕድሜው የሠራ አንድ ሰው አለና የእሱን ሕይወት ልተርክላችሁ። ሰውየው ሆላንዳዊው ዮሪስ ኢቨንስ ነው። ከአንታርክቲካ በስተቀር በሁሉም አህጉር ካሜራውን ተሸክሞ ዞሯል። እ.ኤ.አ. በ1988 በአምስተርዳም የተጀመረውና በዓለም ከታወቁት የዘጋቢ ፊልም ፌስቲቫሎች አንዱ የሆነው ዝግጅት ትልቁን ሽልማት ለብዙ ዓመታት በእሱ ስም ይሰጥ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢቨንስን የመረጥኩበት ሌላም ምክንያት አለኝ። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ሚዛናዊ ሁኑ፣ ወገን አትያዙ እየተባልን ነው የምንማረው። ይኼ ሰው ግን ወገን መያዙን አንድም ቀን ደብቆ አያውቅም። ታዲያ ሥራውን ምን እንበለው? እውነት ወይስ ፕሮፓጋንዳ? መልሱን ከሕይወቱ እንፈልገው።

ከፎቶ ቤት እስከ ድልድዩ

ኢቨንስ የተወለደው በ1898 በሆላንዷ የናይሜኸን ከተማ ነው። አያቱ ፎቶ አንሺ፣ አባቱ ደግሞ የፎቶግራፍ ዕቃ ነጋዴ ነበሩ። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ልጅ ካሜራ ለመንካት ብዙ አይለምንም። ገና በአሥራ ሦስት ዓመቱ ግድም ቤተሰቡን በሙሉ ተዋናይ አድርጎ ስለ አሜሪካ ሕንዶች አጭር ፊልም ቀርጿል።

አባቱ ግን ያሰቡለት ንግዱን እንዲረከብ ነበር። ስለዚህ ሮተርዳም ሄዶ ኢኮኖሚክስ ተማረ፤ ቀጥሎ በርሊን ሄዶ የፎቶግራፍ ኬሚስትሪ አጠና፤ በጀርመን የካሜራ ፋብሪካዎችም ሠራ። ከዚያ ተመልሶ የአባቱን የአምስተርዳም ቅርንጫፍ መምራት ጀመረ። እንግዲህ ይህ ሰው ካሜራን ከውስጥ፣ ከብሎኑ ጀምሮ የሚያውቅ ነበር ማለት ነው። ለኋላው ሥራው ትልቁ ስንቅ ይኼ ሆኖለታል።

በ1927 ከጓደኞቹ ጋር በአምስተርዳም አንድ የፊልም ማኅበር አቋቋመ። ማኅበሩ በመደበኛ ሲኒማ ቤት የማይታዩትን አዳዲስና የተከለከሉ ፊልሞች ለአባላቱ ያሳይ ነበር። የሩሲያዎቹን ሥራዎች ያየው፣ ከእነ ፑዶቭኪን ጋርም የተዋወቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ስሙን ያስጠራው የመጀመሪያ ሥራ በ1928 የወጣው «ድልድዩ» ነው። ታሪኩ ምንድን ነው ብትሉ፣ ታሪክ የለውም። በሮተርዳም ባቡር የሚያልፍበት፣ መርከብ ሲመጣ ደግሞ መሐሉ ወደ ላይ የሚነሳ የብረት ድልድይ አለ። ባቡሩ ይቆማል፣ ድልድዩ ይነሳል፣ መርከቡ ያልፋል፣ ድልድዩ ይወርዳል፣ ባቡሩ ይሄዳል። በቃ። ኢቨንስ ግን በአንዲት በእጅ በምትያዝ አነስተኛ ካሜራ ከላይም ከታችም፣ ከቅርብም ከሩቅም እየቀረጸ የብረቱን እንቅስቃሴ እንደ ሙዚቃ አቀናበረው።

በዓመቱ ከማኑስ ፍራንከን ጋር «ዝናብ»ን ሠራ። ፀሐይ ያለበት ከተማ፣ ከዚያ ደመና፣ ነፋስ፣ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች፣ ጃንጥላዎች፣ የትራም መስኮት ላይ የሚወርድ ውሃ፣ በመጨረሻ ያባራል። ተመልካቹ አንድ ዶፍ ያየ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ኢቨንስ ያንን ዝናብ የሰበሰበው ለወራት፣ ሰማዩ በከበደ ቁጥር ካሜራውን ይዞ እየሮጠ ነው። ልብ በሉ፤ ያ አንድ ዝናብ በእውን ዘንቦ አያውቅም፤ እያንዳንዷ ጠብታ ግን እውነት ናት። የዘጋቢ ፊልም ዘላለማዊ ጥያቄ ከዚህች የአሥራ ሁለት ደቂቃ ሥራ ጀምሮ ተከትሎታል።

ውበት የተነፈገው ድህነት

ኢቨንስ በዚሁ ቢቀጥል ኖሮ የውሃና የብረት ገጣሚ ሆኖ ይቀር ነበር። ነገር ግን ዘመኑ አልፈቀደለትም። በ1929 የተጀመረው የኢኮኖሚ ቀውስ አውሮፓን አንኮታኮታት። እሱም በ1930 ሶቪየት ኅብረትን ጎበኘ፤ ተመልሶ ሄዶም በማግኒቶጎርስክ ስለሚገነባው የብረት ማቅለጫ ፊልም ሠራ። የፖለቲካ እምነቱ ወደ ግራው መንገድ የጠነከረው በእነዚህ ዓመታት ነው።

የለውጡን መጠን ለማየት በ1933 የሠራውን «አዲስ መሬት» መመልከት ይበቃል። ሆላንዶች ባሕር ገድበው፣ ውሃውን አስወጥተው መሬት ያወጣሉ። ፊልሙ ለብዙ ደቂቃ ይህንኑ ጀብዱ ያሳያል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች፣ ድንጋይና ጭቃ የሚያፈሱ ማሽኖች፣ የመጨረሻዋ ክፍተት ስትዘጋ ያለው ትንቅንቅ። በአዲሱ መሬት ላይ ስንዴ ይበቅላል። ደስ ብሎን ልናጨበጭብ ስንል ፊልሙ ይታጠፋል። በዓለም ገበያ ዋጋ እንዳይወድቅ ተብሎ እህል ባሕር ውስጥ ሲጣል ይታያል፤ በጎኑ ደግሞ የተራቡ ሰዎች። ያ ሁሉ ላብ ለዚህ ነበር ወይ የሚለውን ጥያቄ ተራኪው ባያነሳው እንኳ ሁለቱ ምስሎች ጎን ለጎን መቀመጣቸው ያነሳዋል። የአይስለር ሙዚቃም ስላቁን ያከብደዋል።

ይህ አሠራር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በቴሌቪዥን የታየውን ፊልም ታላላቆቻችን ሁሉ ያስታውሱታል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ዘገባ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ ቀረበ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ረሃቡም እውነት ነው፣ ግብዣውም እውነት ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠው እጅ ግን ዓላማ ነበረው። መቀስ የያዘ ሰው ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

በዚያው በ1933 ኢቨንስ ከቤልጂየማዊው ኦንሪ ስቶርክ ጋር ወደ ቦሪናዥ የከሰል አውራጃ ዘለቀ። በ1932 ከተደረገው ትልቅ አድማ በኋላ ብዙ ሠራተኞች ከሥራም ከኩባንያው ቤትም ተባርረው ነበር። ሁለቱ ሰዎች ከፖሊስ ተደብቀው፣ ከሠራተኞቹ ጋር እያደሩ ቀረጹ። ዕቃው እንዳይወረስ ጎረቤት ተሰብስቦ ወንበሩና አልጋው ላይ ቁጭ ሲል ይታያል። ያልተሸጠ የከሰል ተራራ አጠገብ ሴቶች ከቆሻሻ ክምር ውስጥ ፍርፋሪ ከሰል ይለቅማሉ።

እዚህ ላይ የዝናቡ ገጣሚ አንድ ከባድ ውሳኔ ወሰነ፤ ሆን ብሎ ውበትን ተወ። የብርሃኑና የጥላው ጨዋታ ቆንጆ ሆኖ ሲመጣበት ያንን ማዕዘን ትቶ ሌላ ይፈልግ ነበር። ተመልካቹ የድሃውን ቤት አይቶ እንዴት የሚያምር ሥዕል ነው እንዲል አልፈለገም። ስታይል የዳይሬክተሩ ጌጥ አይደለም፤ የተነሳበት ጉዳይ የሚያዘው ነገር ነው። የድልድዩ አቀራረብ ለተራበ ሰው አይሆንም። በአንድ ፌስቲቫል ውስጥ ያን ሁሉ ዓይነት አቀራረብ የምናየውም ጉዳዮቹ የየራሳቸውን አቀራረብ ስለሚጠይቁ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከቦሪናዥ ሳንወጣ አንድ ነገር ልጨምር። ሠራተኞቹ ቀደም ሲል የካርል ማርክስን ሥዕል ይዘው ሰልፍ ወጥተው ነበር፤ ካሜራ ግን አልነበረም። ኢቨንስና ስቶርክ ሰልፉ ለፊልሙ እንዲደገም አደረጉ። ሰዎቹ ሥዕሉን ተሸክመው ሲወጡ ግን ያልተጠሩ የመንደሩ ሰዎች ከየቤታቸው እየወጡ ተቀላቀሉ። ለካሜራ ተብሎ የተጀመረው ነገር እውነተኛ ሰልፍ ሆነ፤ ፖሊስም ደረሰ። እንግዲህ ይህን ምን ትሉታላችሁ? ድራማ ነው ወይስ ዜና? በክፍል ውስጥ የምንማረው ደንብ ድርጊትን ደግሞ ማስቀረጽን ይከለክላል። እኔም ለዜና ደንቡ ትክክል ነው እላለሁ። ቢሆንም የቦሪናዥ ሰልፍ ደንቡ የት ላይ እንደሚቀጥን ያሳያል። ፊልሙ በቤልጂየምም በሆላንድም ለሕዝብ እንዳይታይ ታገደ።

ከስፔን እስከ ኦሃዮ

በ1936 ኢቨንስ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በዚያው ዓመት የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ፈነዳ። የአሜሪካ ደራስያንና አርቲስቶች ገንዘብ አዋጥተው ወደ ጦር ግንባር ላኩት፤ በ1937 «የስፔን ምድር» ወጣ። ፊልሙ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ይዞ ይሄዳል፤ በአንድ በኩል የማድሪድ መከላከል፣ በሌላ በኩል ፉዌንቲዱዌንያ በምትባል መንደር ገበሬዎች የደረቀ መሬታቸውን በመስኖ ለማጠጣት የሚያደርጉት ጥረት። ሰዎቹ ለምን እንደሚዋጉ በንግግር ሳይሆን በቦይ ውሃ ነው የሚነግረን። በዕቅዱ ጁልያን የሚባል የመንደሩ ወጣት ወታደር ዋና ባለታሪክ እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ጦርነቱ ግን ልጁን ከካሜራው ዓይን ሰወረው። ፊልሙም ያለ እሱ መቀጠል ነበረበት። ዘጋቢ ፊልም ማለት እንዲህ ነው፤ ስክሪፕቱን የሚያርመው ዳይሬክተሩ ብቻ አይደለም።

ትረካውን የጻፈው ኧርነስት ሄሚንግዌይ ነው። መጀመሪያ ኦርሰን ዌልስ አንብቦት ነበር። ድምፁ ግርማ ሞገስ ነበረው፤ ለዚያ ምስል ግን ከመጠን በላይ የተሽሞነሞነ ሆነ። በመጨረሻ ጽሑፉን ሄሚንግዌይ ራሱ፣ በማይሰለጥን ድምፁ አነበበው። የተሻለው የቱ እንደሆነ የፊልሙ ዕድሜ መስክሯል። ኤዲቲንጉን የሠራችው ሄለን ቫን ዶንገን ናት፤ ከኢቨንስ የዚያ ዘመን ሥራዎች ጀርባ የእሷ እጅ አለበት። ፊልሙ በሐምሌ 1937 በኋይት ሐውስ ለፕሬዝዳንት ሩዝቬልትና ለባለቤታቸው ታየ፤ በሆሊውድ ሲታይ የተሰበሰበው ገንዘብም አምቡላንስ ተገዛበት። ሩዝቬልት ግን ፖሊሲያቸውን አልለወጡም፤ ሪፐብሊኩም በ1939 ወደቀ። ፊልም አምቡላንስ ይገዛል፤ ጦርነት ማሸነፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

ቀጥሎ በ1938 ከታዋቂው ፎቶ ጋዜጠኛ ከሮበርት ካፓ ጋር ቻይና ሄደ። ጃፓን ቻይናን ወርራ ነበር። የቻይና መንግሥት ሰዎች ግን ያለ እነሱ ፈቃድ አንድ እርምጃ እንዳይራመድ ይከታተሉት ስለነበር ወደ ኮሚኒስቶቹ ቀጠና ሊዘልቅ አልቻለም። ስለዚህ ከመመለሱ በፊት ካሜራውን በድብቅ ለኮሚኒስቶቹ የፊልም ሰዎች ሰጠ። እሱ ያልደረሰበት ቦታ ካሜራው ደረሰ ማለት ነው።

የሚገርመው ግን ይኼው ሰው በ1940 ለአሜሪካ መንግሥት «ኃይልና መሬት»ን መሥራቱ ነው። ጉዳዩ የገጠር መብራት ነው። በኦሃዮ የሚኖር አንድ የገበሬ ቤተሰብ በመጀመሪያ በፋኖስና በእጅ ጉልበት ሲኖር፣ ኋላ ደግሞ ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው መብራት ሲያስገቡ ይታያል። ወተት የሚያቀዘቅዝ ማሽን፣ ውሃ ማሞቂያ፣ በማታ የሚያነቡ ልጆች። ጦርነትም መፈክርም የለበትም። ሆኖም ገበሬው በሩ ላይ ቆሞ ወተቱን ሲያፈስስ ኢቨንስ ያየበት ዓይን የስፔን ገበሬዎችን ካየበት ዓይን የተለየ አይደለም።

ሹመቱን የተወበት ቀን

አሁን ወደ ሕይወቱ ዋና መስቀለኛ መንገድ ደረስን። በ1944 የሆላንድ መንግሥት ኢቨንስን ያኔ ቅኝ ግዛቱ ለነበረችው ለኢንዶኔዥያ የፊልም ኮሚሽነር አድርጎ ሾመው። ሹመት፣ ደመወዝ፣ ክብር፣ ሁሉ ነበረው። ሥራው አገሪቱ ከጃፓን ወረራ ነፃ ስትወጣ መቅረጽ ነበር። ነሐሴ 17 ቀን 1945 ግን ኢንዶኔዥያውያን ነፃነታቸውን ራሳቸው አወጁ። ሆላንድም በጦር ኃይል ልትመልሳቸው ተዘጋጀች።

ኢቨንስ በዚያን ጊዜ አውስትራሊያ ነበር። በኅዳር 1945 በሲድኒ ጋዜጠኞችን ጠርቶ ሥራውን መልቀቁን አስታወቀ። ቀጥሎ ያለ በቂ ገንዘብና ያለ መንግሥት ድጋፍ «ኢንዶኔዥያ ትጣራለች» የተባለውን የ22 ደቂቃ ፊልም ሠራ። የፊልሙ ጉዳይ የወደብ ሠራተኞች አድማ ነው። አውስትራሊያውያን፣ ኢንዶኔዥያውያን፣ ሕንዶችና ቻይናውያን ሠራተኞች ወታደርና መሣሪያ ሊያጓጉዙ የተዘጋጁትን የሆላንድ መርከቦች አንጭንም፣ አንነዳም አሉ። ፊልሙ በ1946 ወጣ።

ዋጋውን ከፈለበት። የገዛ አገሩ መንግሥት እንደ ከሃዲ ቆጠረው፤ ለዓመታት በፓስፖርቱ ተንገላታ። ለዘጋቢ ፊልም ሠሪ ፓስፖርት ማጣት ማለት ለገበሬ በሬ እንደማጣት ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ በ1985 የሆላንድ የባህል ሚኒስትር ለኢቨንስ ትልቅ የፊልም ሽልማት አበረከቱለት፤ መንግሥትና እሱም ታረቁ። አርባ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ያኔ ሰውየው የሰማንያ ስድስት ዓመት ሽማግሌ ነበር።

ካሜራው ዝም ያለባቸው ዓመታት

እስካሁን የነገርኳችሁ ጀግና የሚመስል ሰው ነው። እዚህ ላይ ብንጨርስ ታሪኩ ያምር ነበር፤ ግን ግማሽ ይሆናል። ከ1947 ጀምሮ ኢቨንስ ለአሥር ዓመት ያህል በምሥራቅ አውሮፓ፣ በፕራግ፣ በዋርሶና በምሥራቅ በርሊን ሠራ። በ1954 የወጣው «የወንዞች መዝሙር» የዚያ ዘመን ትልቁ ሥራው ነው። በብዙ አገሮች ያሉ ካሜራ ማኖች የላኩትን ምስል አቀናብሮ የስድስት ታላላቅ ወንዞችን ሠራተኞች በአንድ ፊልም አገናኘ፤ ከስድስቱ አንዱ የእኛው ዓባይ የሚመግበው ናይል ነው። ሙዚቃው የሾስታኮቪች፣ የመዝሙሩ ግጥም የብሬክት፣ ዘፋኙ ፖል ሮብሰን። እንዲህ ያለ ስብስብ ደግሞ የት ይገኛል?

ነገር ግን ፊልሙ በሚሠራበት በ1953፣ በሰኔ 17 ቀን፣ በዚያችው በምሥራቅ በርሊን ሠራተኞች አድማ መትተው አደባባይ ወጡ። የሶቪየት ታንኮች በተኗቸው። ኢቨንስ ስለዚያ ቀን የሠራው ፊልም የለም። የቦሪናዥን ሠራተኞች ከፖሊስ ተደብቆ የቀረጸ ሰው፣ የሲድኒን ወደብ ሠራተኞች ለመቅረጽ ሹመቱን የተወ ሰው፣ እነዚህኞቹን ሠራተኞች አላየም። ለምን? እነሱ ያመፁት እሱ በሚያምንበት መንግሥት ላይ ስለነበር ነው ከማለት ሌላ መልስ አላገኘሁም።

በ1957 ወደ ፓሪስ ሲመለስ የቀድሞው ገጣሚ ነቃ። በሴን ወንዝ ዳር የሚያፈቅሩትን፣ ዓሣ የሚያጠምዱትን፣ የሚተኙትን ሁሉ የቀረጸበት አጭር ፊልም በዣክ ፕሬቬር ግጥም ታጅቦ በ1958 በካን ፌስቲቫል የአጭር ፊልም ታላቁን ሽልማት አገኘ። ከዚያ በኋላ እግሩ አላረፈም። ማሊ፣ ኩባ፣ ቺሊ ዞረ፤ የቺሊዋን የቫልፓራይዞ ከተማ ፊልም ትረካ የጻፈለት ሌላው ታላቅ የዘጋቢ ፊልም ሰው ክሪስ ማርከር ነው።

ከማርሴሊን ሎሪዳን ጋር የተገናኘውም በእነዚህ ዓመታት ነው። እሷ በልጅነቷ ከአውሽቪትዝ የሞት ካምፕ የተረፈች፣ ድምፅ መቅረጫ ይዛ ሰው ማናገር የምታውቅ የፊልም ሰው ነበረች። ሁለቱ በ1967 ሰሜን ቬትናም ሄደው በቦምብ በሚደበደበው የድንበር ቀጠና ከመንደሩ ሰዎች ጋር ከመሬት በታች በተቆፈረ ዋሻ ውስጥ ለሁለት ወር ገደማ ኖሩ። «17ኛው ትይዩ» የተባለው ፊልም በ1968 ወጣ። እዚያ ጦርነት ማለት የፍንዳታ ትርኢት አይደለም፤ ጉድጓድ መቆፈር፣ ሩዝ መትከል፣ ልጅ ማስተማር ነው።

ቀጥሎ ቻይና። ከ1972 ጀምረው የቀረጹት «ዩኮንግ ተራሮችን እንዴት አንቀሳቀሰ» በ1976 ሲወጣ አሥራ ሁለት ፊልሞች፣ በድምሩ አሥራ ሁለት ሰዓት ግድም ነበር። ስሙ ከቻይና ተረት የተወሰደ ነው፤ ሽማግሌው ዩኮንግ በሩን የጋረዱበትን ተራሮች በአካፋ ለመናድ ይነሳል፤ ሰው ቢስቅበትም እሱ ካልጨረሰ ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ እንደሚጨርሱት ያምናል። በአሠራሩ ፊልሙ አዲስ ነበር። ተራኪው ወደ ጎን ብሎ ሰዎቹ በራሳቸው ድምፅ ረዘም አድርገው ይናገራሉ። አንዱ ክፍል አንድ ተማሪ ከደወል በኋላ ኳስ መትቶ መምህሩን ሊያገኝ ለጥቂት ስለሳተበት ጉዳይ ብቻ ነው፤ መምህርና ተማሪ ቁጭ ብለው ይከራከራሉ። ያንን ክፍል የሚያይ ተማሪ ሁሉ የራሱን ትምህርት ቤት ማስታወሱ አይቀርም።

ሆኖም ዘመኑ የባህል አብዮት ዘመን ነበር። ብዙ መምህራን የተዋረዱበት፣ ብዙ ሰው የታሰረበትና የሞተበት ዘመን። ፊልሙ ውስጥ ይህ የለም። ማኦ በመስከረም 1976 ሞተ፤ በወሩ የአብዮቱ መሪዎች ታሰሩ። የተደበቀው እየወጣ ሲሄድ ፊልሙ ክፉኛ ተተቸ። ቅድም የጠቀስኩት ተረት ለኢቨንስ ሲፈርድለት አይተናል፤ እዚህ ደግሞ ፈረደበት።

ነፋስን ፍለጋ

ዘጠና ዓመት ሊሞላው ሲል ኢቨንስ የመጨረሻ ፊልሙን ሠራ። በ1988 በቬኒስ ፌስቲቫል የታየው «የነፋስ ታሪክ» ከማርሴሊን ጋር የሠራው ነው። ዕድሜውን ሙሉ አስም ያሠቃየው ሰው ነፋስን ለመቅረጽ ወደ ቻይና በረሃ ይሄዳል። ነጭ ፀጉሩን እያበጠረ የሚያልፈውን አየር ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። አንዲት አሮጊት ነፋሱን ለመጥራት አሸዋ ላይ ምልክት ትሥላለች። ከጨረቃ ጉዞ ጋር የተቀላቀለ ሕልምም አለበት። ዘጋቢ ነው? ልብ ወለድ ነው? ሁለቱም ነው።

በፊልሙ ውስጥ አንድ የሚያስቅም የሚያስተምርም ክፍል አለ። በጥንታዊ ንጉሥ መቃብር የተገኙትን የሸክላ ወታደሮች ለመቅረጽ ከባለሥልጣናቱ ጋር ቢከራከር ቢከራከር የሚሰጡት ጊዜ ለምንም አይበቃም። ምን አደረገ? ለጎብኚ የሚሸጡትን ቅጂዎች ገዝቶ ደርድሮ የራሱን ሠራዊት ሠራ። ክርክሩንም አልደበቀውም፤ የቢሮውን እምቢታ ፊልሙ ውስጥ አስገባው። በዩኮንግ ጊዜ ያልታየው የቻይና ቢሮክራሲ በመጨረሻው ፊልሙ ታየ። በሰኔ 28 ቀን 1989 ፓሪስ ውስጥ አረፈ።

እኛስ ምን እንውሰድ?

መጀመሪያ ያነሳኋቸው ሁለት ጥያቄዎች ነበሩ። አንደኛው፣ ያንን ሁሉ ዓይነት ጉዳይና አቀራረብ ዘጋቢ ፊልም የሚያሰኘው ምንድን ነው? ከኢቨንስ ሕይወት እንዳየነው ተራኪ መኖሩ ወይም አለመኖሩ አይደለም፤ ድርጊቱ መደገሙ ወይም አለመደገሙ ብቻም አይደለም። አንድ ሰው ቦታው ድረስ ሄዶ፣ በእውነት ካለ ነገር ጋር ተጋፍጦ፣ ላሳየው ነገር ኃላፊነት መውሰዱ ነው። ዝናቡም፣ ከሰሉም፣ ነፋሱም ከእሱ ፈቃድ ውጪ የነበሩ ናቸው።

ሁለተኛው፣ ወገን የያዘ ሰው እውነት መናገር ይችላል ወይ? የእኔ መልስ ይችላል ነው፤ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ቦሪናዥና ሲድኒ ላይ ኢቨንስ ወገን ይዞ ነበር፤ ዓይኑም ተከፍቶ ነበር። ፊልሞቹ ዛሬም ይቆማሉ። በርሊንና የዩኮንግ ቻይና ላይም ወገን ይዞ ነበር፤ ነገር ግን የሚወዳቸውን ሰዎች ጥያቄ መጠየቅ አቆመ። ያጠፋው ወገን መያዙ ሳይሆን ወገኑን አለመጠየቁ ነው። ጠላትን መመርመር ቀላል ነው፤ ይህን ማንም ያደርገዋል። የጋዜጠኛ ፈተናው የሚያፈቅረውን ወገን በዚያው ካሜራ፣ በዚያው ርቀት ማየት ላይ ነው።

ሚዛናዊነት የሚባለውን ነገር እንደ ድሮ ሚዛን፣ ለግራ አንድ ለቀኝ አንድ እያደረግን ብቻ እንዳንረዳው እሰጋለሁ። የተራበና የጠገበ ሰው እኩል ደቂቃ ቢሰጣቸው ፍትሕ አይሆንም። ይሁን እንጂ የተራበው ሰው ጠበቃ የሆንን ዕለት ዓይናችንን ጨፍነን ጠበቃ እንዳንሆን የኢቨንስ አሥር ዓመታት ያስጠነቅቁናል። በየአገሩ ፌስቲቫል የሚታዩትን ፊልሞች ስናይም ይህንኑ ብንጠይቅ ጥሩ ነው፤ ይህ ሰው ወገኑ ማን ነው? ወገኑንስ ጠይቆታል ወይ?

ሥራዎቹን ፈልጋችሁ እዩ። ጊዜ ከሌላችሁ «ዝናብ»ን ብቻ እዩ፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። ቸር ይግጠመን።